የውጭ ትምህርት ዕድል ወሬ ዶርም ድረስ ይምጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የምማር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የትኛው ግቢ እንደሆነ አልጽፍም፤ የማነሳው ነገር የአንድ ግቢ ብቻ አይደለምና። ጋዜጣችሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የማገኘው። ከሁሉም አስቀድሜ የምገልጠው የአንባቢያንን ገጽ ነው። ዛሬ እኔም የምለው አለኝ።

ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሦስት ሆነን፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር አንዲት ጠረጴዛ እናወጣለን። ጠረጴዛዋ ላይ በማርከር የተጻፈ ካርቶን አቁመናል፦ «ውጭ አገር መማር ይቻላል። ጠይቁን።» ሌላ ምንም የለንም። ባነር የለም፣ የሚታደል ወረቀት የለም። ከሦስታችን አንዷ እኔ ነኝ፤ አንድ ሴሚስተር ጀርመን ተምሬ ተመልሻለሁ። ሁለተኛዋ የዶርሜ ልጅ ናት። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ አመልክቶ ሁለቴም ያልተሳካለት ልጅ ነው። እውነቱን ለመናገር ተማሪው ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የሚከበው፤ የት ላይ እንደወደቀ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸዋላ።

የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው የምታስከፍሉት?» ብሎ ነው። ምንም እንደማናስከፍል ስንነግረው ትንሽ ይጠራጠራል። ቀጥሎ «ዘመድ ያስፈልጋል አይደል?» ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ሰው ሲቀንስ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚመጣ ነው። «ለእንደኔ ዓይነቱም ይሆናል?» ይሉናል። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ነው ደብዳቤውን ያጻፈኝ።

እኔ እንዴት እንደሄድሁ ልንገራችሁ። በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት ነበርሁ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ዳታ የለም። ቴሌግራም የለም። አንድ ቀን ከላብራቶሪ ስንወጣ አንድ መምህራችን እግረ መንገዳቸውን «የአንድ ሴሚስተር የልውውጥ ፕሮግራም አለ፣ ጀርመን፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይዘጋል፤ የሚፈልግ ቢሮዬ ይምጣ» አሉ። ክፍላችን ከ60 በላይ ነው። ይህን የሰማነው ከኋላቸው የነበርነው አራት ልጆች ብቻ ነን። እኔ ሄድሁ። ቢሯቸው የኬብል መስመር ነበረውና በእሳቸው ኮምፒውተር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ፎርም ስሞላ ዋልሁ። ፓስፖርት ነበረኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ካልገባሁ ዱባይ እሄዳለሁ ብዬ ያወጣሁት ነው። በዚያ ፓስፖርት ጀርመን ገባሁበት።

የዶርሜ ልጅ ያን ቀን ታማ ተኝታ ነበር። ከዳንግላ አካባቢ የመጣች ናት። የክፍላችን ሰቃይ እሷ ናት፤ ውጤቷ ከእኔ በላይ ነው፣ ያኔም ነበር፣ ዛሬም ነው። በነጋታው ነገርኋት። ሁለት ቀን ቀርቷል። ፓስፖርት የላትም። የልደት የምስክር ወረቀት እንኳ አላወጣችም። በቃ፣ አለፋት። እሷ አልተቀየመችኝም፤ እንዲያውም ሻንጣዬን ያሰረችልኝ እሷ ናት። እኔ ግን ጀርመን ሆኜ ጥሩ ነገር ባየሁ ቁጥር እሷን ነበር የማስበው። እስካሁን ይከነክነኛል።

በኋላ እንደሰማሁት ማስታወቂያው ከወጣ ወር ከግማሽ ሆኖት ኖሯል። ዳታ በሌለበት ክልል ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ነበር። ደግሞም ተማሪ በማያልፍበት የቢሮ ኮሪደር ውስጥ፣ መስታወት ያለው ሰሌዳ ላይ። ጥፋተኛ እየፈለግሁ አይደለም። ያወጣው ሰው ሥራውን ሠርቻለሁ ብሎ ነው የሚያስበው። ግን ማስታወቂያ ወጣ የሚባለው መቼ ነው? ተማሪው ጆሮ ሲደርስ ነው ወይስ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ?

አንዳንድ ሰው ውጭ ሄዶ መማር የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ይመስለዋል። እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። እናቴ ቡና ለቅማ፣ አድርቃ፣ በጀልባ እያሻገረች ባሕር ዳር እየሸጠች ነው ያስተማረችኝ። ከእኛው ከዘጌ በ1860 ዓ.ም. የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ገና ልጅ እግር ሳለ ጣሊያን ቶሪኖ ሄዶ ሥዕል እንደተማረ፣ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ እንዳሳተመ ያወቅሁት ካምፓስ ከገባሁ በኋላ ነው። ኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከወራሪው ጎን መቆሙ ያሳዝናል፤ ያንን አልደብቅም። ግን ከዚህች ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ባሕር ማዶ መማር ትናንት የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ ማንም አልነገረኝም ነበር። ብሰማ ኖሮ «ለእንደኔ ዓይነቱም ይሆናል?» ብዬ አልጠይቅም ነበር። እኔም እኮ ጠይቄያለሁ።

አሁን ጠረጴዛችን ላይ የምንናገረውን ጥቂት ልጻፍ፤ ሐሙስ ለማይመች ሰው ይድረስ።

ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ቃል «ስኮላርሺፕ» ይለዋል። ግን ይለያያል። እኔ የሄድሁበት ልውውጥ ነው። ዲግሪዬ እዚሁ ነው፤ አንድ ሴሚስተር እዚያ ተምሬ ተመለስሁ። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ ይህን ይደግፋል፤ የሚገኘው ግን ግቢያችሁ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ሲኖረው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ግቢያችን ከማን ጋር ነው ስምምነት ያለው?» የሚለው ነው። ሌላው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው፤ ይህ ሙሉ ማስተርስ ነው፣ ቢያንስ ሁለት አገር ውስጥ ነው የሚማሩት፣ ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። ጂሲ፣ ማለት የዘንድሮ ተመራቂ የሆነ ተማሪ ገና ሳይመረቅ ማመልከት ይችላል፤ ይህን ስንናገር ብዙዎቹ አያምኑንም። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፣ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው፤ ስለዚህ አሁን ልባችሁን አታድክሙበት፣ ተመርቃችሁ ሥራ ከያዛችሁ በኋላ ነው። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባዘጋጃቸው የማስተርስ ፕሮግራሞችም ሁለት ዓመት ሥራ ይጠየቃል። ቱርክና ኮሪያ ዲግሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ ዓመት ቋንቋቸውን ያስተምራሉ። ሀንጋሪ፣ ጃፓን፣ ቻይናም አሉ።

ትልቁ ችግር ቀኑ ነው። የእኛ ዓመትና የእነሱ ዓመት አይገጥምም። ኢራስመስ ሙንዱስ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ሀንጋሪ ጥር መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ቱርክ ከጥር መጀመሪያ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ቺቭኒንግ በክረምት ተከፍቶ ወደ መስከረም ማብቂያ ይዘጋል፤ እኛ ያኔ ገና ጥሪ እየጠበቅን ነው። ማመልከቻ ያልቅባቸዋል ባልኋቸው ወሮች ሁሉ እኛ ወይ ሚድ ላይ ነን፣ ወይ ፋይናል ላይ፣ ወይ አገር ቤት እንቁጣጣሽን እያከበርን ነው። ስለዚህ ወረቀት የሚዘጋጀው በክረምት ነው። ማመልከቻ ሲከፈት ወረቀት መፈለግ የጀመረ ሰው አይደርስም። እኔ የደረስሁት በዱባይ ፓስፖርት ነው ብያለሁ።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቅበት እዚህ ነውና። የእኔ ስም በ8ኛ ክፍል ካርድ፣ በ12ኛ ክፍል ውጤትና በፓስፖርት ላይ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ነው የተጻፈው። «ፀ»ን አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል ይጽፋታል፣ ሌላው በአንድ። «ወርቅ»ን አንዱ በኬ ይጨርሰዋል፣ ሌላው በኪው። ለእኛ አንድ ስም ነው። ለውጭው ኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው፤ ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲመለስ አንዱ ቢሮ 7 ይደምራል፣ ሌላው 8፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደና ከዚያ በኋላ የተወለደ አይለይም። አንዲት ልጅ ትራንስክሪፕቷና ፓስፖርቷ በአንድ ዓመት ተለያይቶባት ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ቀኑ አለፈባት። እባካችሁ፣ ፍሬሽ የሆናችሁ፣ ዛሬ ማታ ያሏችሁን ወረቀቶች አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩት። ካልገጠመ አሁን አስተካክሉ፣ አሁን ጊዜ አለ። የአመልካች ፎርም ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ ሲመጣ ደግሞ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን እንዳለ ቅዱ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ራስን መጻፍ ነው። ማመልከቻው ውስጥ ስለራስ የሚጻፍ ደብዳቤ አለ፤ ሞቲቬሽን ሌተር ይሉታል። እኛ ደግሞ ያደግነው «እኔ» ማለት ነውር በሆነበት ቤት ነው። «እኔ ይህን ሠርቻለሁ» ያለ ልጅ ጉረኛ ይባላል። የዶርሜ ልጅ መጀመሪያ የጻፈችው ገጽ ግማሹ ስለ ድህነታቸው ነበር፣ ግማሹ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት። ሁለቱም እውነት ነው። የሚመርጡት ሰዎች ግን እሷ ምን እንዳደረገችና ወደፊት ምን ልታደርግ እንደምትፈልግ ነው የሚያነቡት። «ሃይስኩል ሳለሽ በክረምት ምን ትሠሪ ነበር?» አልኋት። «ምንም» አለች። ቆይታ ነው፣ እንጀራ እየበላን፣ ሦስት ክረምት ሙሉ ሰፈሯ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የ8ኛ ክፍል ልጆችን ሰብስባ ሒሳብ ታስተምር እንደነበር የነገረችኝ። «ይህንን ለምን አልጻፍሽውም?» ስላት «እሱማ ሥራ ነው እንዴ?» አለችኝ። እሱ ነው ሥራው! ጠረጴዛችን ላይ የምናጠፋው አብዛኛው ጊዜ ይህ ነው፤ ሰው የሠራውን ሥራ ሥራ ነው ብሎ እንዲጽፈው መለመን። ውሸት ጨምሩ አንልም። ያላችሁን አትደብቁ ነው የምንለው።

የድጋፍ ደብዳቤም አለ። መምህሩ ስንቱን ተማሪ ያስታውሱ? አልፈርድባቸውም። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ሲቀር ሂዱ። ሲቪያችሁን፣ ስቱደንት ኮፒያችሁን (የውጤት ወረቀታችሁን)፣ የምታመለክቱበትን ፕሮግራም ስምና ከእሳቸው ጋር የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ማታ ቴክስት ልካችሁ «ነገ ያስፈልገኛል» አትበሏቸው።

ገንዘብ። ከተማው ውስጥ «ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን» የሚሉ ሰዎች አሉ። አንድ የማውቀው ልጅ ቤተሰቡ በሬ ሸጠው የላኩለትን ብር ከፍሎ የተሰጠው ነገር ማንም በነፃ ኢንተርኔት ላይ የሚያገኘው ፎርም ነው፤ እሱም በትክክል አልተሞላም። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ ቺቭኒንግ ለማመልከት ክፍያ የለውም፣ ቱርክ ክፍያ የለውም። አሸንፈሃልና መጀመሪያ ብር ላክ ያለህ ሰው አጭበርባሪ ነው። እውነተኛ ወጪ የለም ግን አልልም። ፓስፖርት አለ፣ ሰነድ ማረጋገጥ አለ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። አይልትስ ውድ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ነውና በሁለተኛ ዓመታችሁ ሮጣችሁ አትፈተኑ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርታችን በእንግሊዝኛ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ከወሰድን ይበቃቸዋል፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ኤምባሲዎቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ ባልታመነበት ሰሞን በአውሮፕላን መሄድ ግድ ይሆናል፤ ይህ ለገበሬ ልጅ ቀላል ብር አይደለም። እናቴ ለእኔ ቲኬት የዓመቱን ቡና ነው የሸጠችው። ይህን ለሚችል ሰው ብቻ እንዳይቀር ነው ከግቢዎቻችን አንድ ነገር የምጠብቀው፤ ለተመረጠ ተማሪ የጉዞውን ያህል እንኳ ብድር ቢሰጥ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ስለ ጀርመን። «እዚያ ትምህርት ነፃ ነው» የሚል ወሬ ግቢውን ሞልቶታል። በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ እንደሌለ እውነት ነው። ግን ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ ብሎ የዓመት ኑሮውን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ፣ ማለት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ይህን ያልሰማ ልጅ አድሚሽን አገኘሁ ብሎ ጓደኞቹን ጋብዞ ካበቃ በኋላ ነው የሚያለቅሰው። ሙሉውን መንገር ይሻላል።

እዚያስ ምን አየሽ ትሉኝ ይሆናል። ብርዱን አልተርክም። መጀመሪያ የደነገጥሁት በውጤታቸው ነው። እነሱ ጋር 1.0 ከሁሉ ይበልጣል፤ 4.0 ማለፊያ ነው፣ ለጥቂት። የእኔ 3.5 ለእነሱ ደካማ ተማሪ መስሎ ነበር፤ የእኛን አቆጣጠር የሚያስረዳ ወረቀት አያይዤ ስለነበር ነው የተረፍሁ። ሁለተኛ፣ መምህሩ ጥያቄ ካልጠየቅህ የገባህ አይመስላቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን የውኃ አረም ትምህርት ነበር። ስክሪኑ ላይ እምቦጭ መጣ። ቀጥሎ የጣና ካርታ መጣ። ቀጥ ብዬ ተነሥቼ ሃይስኩል ሳለሁ ለዘመቻ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተወስደን፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ወገባችን ገብተን፣ በእጃችን ስንነቅለው እንደዋልን፣ ከወር በኋላ ያው ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ እንደሆነ ነገርኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። መምህሩ ማስታወሻ ይዘዋል። ከዚያ ቀን በኋላ አፌ ተፈታ። ከዘጌ የመጣሁ መሆኔ የሚያስቀር ሳይሆን የማውቀው ነገር እንዳለኝ የሚያሳይ ሆኖ ያገኘሁት ያኔ ነው። የእኛ ገና ዕለት ታኅሣሥ 29 እነሱ ክላስ ነበሩ፤ ማታ ክፍሌ ውስጥ የእናቴን ቡና አፍልቼ ብቻዬን ጠጣሁ፣ አልቅሼም ነበር። ይህም የሚነገር ነው፤ የሚሄድ ሰው ይወቀው።

ስመለስ ደግሞ ያልጠበቅሁት ገጠመኝ። እዚያ ከተማርኋቸው ኮርሶች ሁለቱ እዚህ አልተቆጠሩልኝም። ደግሜ ወሰድኋቸው። ምክንያቱ ለርኒንግ አግሪመንት የሚባለው ወረቀት ነው፤ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ከመሄድ በፊት የሚፈርሙበት። የእኔ ላይ የሁለቱ ኮርሶች አቻ ሳይጻፍ በጥድፊያ ተፈርሞ ነበር። ሦስት ቀን ሲቀረው የሚሰማ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ለሚቀጥለው ልጅ ይህ እንዳይደርስበት ብዬ ነው በዚህ ጋዜጣ ላይ የምናገረው፤ ስትፈርሙ ለእያንዳንዱ ኮርስ «እዚህ በየትኛው ይተካል?» ብላችሁ አስጽፉ።

አንድ የማከብራቸው መምህር ጠረጴዛችን ጋ ቆመው «ልጆቼ፣ እናንተ የምታደርጉት ጎበዝ ጎበዙን ከአገር ማስወጣት ነው፤ ሄደው አይመለሱም» አሉን። ተቆጥተው አይደለም፣ አዝነው ነው። ነገሩ እውነት አለበት። ሄደው የቀሩ እኔም አውቃለሁ። የዚህን አገር ሁኔታ እያየ የቀረን ሰው ለመውቀስ አቅም የለኝም። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ልውውጥ መመለሻው አብሮት አለ፤ ሴሚስተሩ ያልቃል፣ ዲግሪው እዚህ ነው። ቺቭኒንግም ጨርሰህ ቢያንስ ሁለት ዓመት አገርህ ተመለስ ይላል። ሁለተኛ፣ ይህች ከተማ ራሷ እንዴት ነው የትምህርት ከተማ የሆነችው? ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ነው። በኋላም የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ በተፋሰስ አያያዝ ማስተርስ አስተምሯል፤ የቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎችም በጣና ተፋሰስ አፈርና ውኃ ላይ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራሉ። እነዚያ ሰዎች ሲመጡ ከፊታቸው ቆሞ እኩል የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል። እሱ ሰው የት ይማር? መምህሩ ዝም ብለው ሰሙኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት ተማሪዎቻቸውን ላኩልን።

አሁን የምለምነውን ልለምን። የውጭ ግንኙነት ቢሮ ያላችሁ ግቢዎች ሁሉ፣ ማስታወቂያውን አትሙትና የዶርም በር ላይ፣ ካፌው መግቢያ ላይ፣ ሴቶች ሻወር ቤት ሳይቀር ለጥፉት። ዴድላይኑን በእኛ ቀን ጻፉት፤ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ቀን ስንቱን አሳስቷል። ሄዶ የተመለሰ ተማሪና መምህር ሁሉ በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ፍሬሾቹ ፊት ቆሞ ይናገር፤ እንደ ግዴታ ቢቆጠር ደስ ይለኛል። የዳንግላ፣ የአዴት፣ የሞጣ ልጅ ከአፉ ከሰማው ያምናል፤ ሊንክ ብትልክለት ግን ዳታውም የለውም፣ ቢኖረውም የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እናንተ አዘጋጆችም አንድ ነገር ታደርጉልን ዘንድ እጠይቃለሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ ሩብ ገጽ ብቻ፣ በዚያ ወር የሚከፈቱና የሚዘጉ የትምህርት ዕድሎችን በኢትዮጵያ ቀን አውጡልን። ወረቀት ኢንተርኔት ሲጠፋ አይጠፋም። ይህ ጋዜጣ እኔ እስከማውቀው ደንበጫም ይደርሳል፣ ደብረ ታቦርም ይደርሳል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጅ ሰው ከፈለጋችሁ እኛ ሦስታችን እናጣራለን፤ ከየፕሮግራሙ ከራሱ ገጽ ሳናረጋግጥ አንዲት ቀን አንልክም። ክፍያ አንፈልግም።

ጠረጴዛዋ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ አለች። ዝናብ ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ነን። ከሌላ ግቢም መምጣት ይቻላል። ስትመጡ ስቱደንት ኮፒና የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁን ያዙ፤ ስማችሁን አብረን እናያለን።

የዶርሜ ልጅ ክረምቱን ፓስፖርት አወጣች። ስሟ በሁሉም ወረቀት አንድ ነው፣ ፊደል በፊደል አይቼዋለሁ። ለሁለት የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞች አመልክታ የመጨረሻውን ታኅሣሥ 20 ቀን ማታ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ላከችው። ደብዳቤዋ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካሉት ልጆች ነው። መልሱን እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአራተኛ ዓመት የተፈጥሮ ሀብት ተማሪ
ባሕር ዳር